ከጆሮዬ በአንድ ጣት የቀረ እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ጠባሴ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ይዤ፣ ለጉልበቴ መደገፊያ ትሆነኛለች ብዬ ከአንኮበር ያስመጣኋትን የወይራ እንጨት በቢላ እየከረከምኩ በጠርሙስ ስባሪ እየፋቅሁ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የታመመውን ጉልበት ከደህናው ለመለየት ምርመራ አያስፈልገውም። እርጥብ ወይራ ሲፋቅ አንድ ሽታ ያወጣል፤ መረር ያለ፣ ትንሽ ቅቤ ቅቤ የሚል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ቶሎ የማይወጣ ሽታ። መጀመሪያ የነካካኝ እሱ ነው። ሁለተኛ የነካካኝ ቴሌቪዥኑ ነው።

ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው አሜሪካኖች የሚጫወቱትን ኳስ ነበር። ኳስ መባሉ ለእኔ አይገባኝም፤ እንደ ሎሚ በሁለት በኩል ሾል ያለ ነገር ነው፣ በእግር የሚነካውም ከስንት አንዴ ነው። ሰዎቹ ትከሻቸው ላይ ትራስ የመሰለ ነገር ከልብሳቸው ሥር ወትፈው፣ አናታቸው ላይ ድስት የመሰለ ነገር ደፍተው፣ እንደ ሁለት በግ ግንባር ለግንባር ይላተማሉ፤ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ።

«ጋሼ፣ ያንን ከኋላ የቆመውን አዩት?» አለኝ ያሬድ። ያሬድ ከሻይ ቤቱ ጎን ፀጉር የሚያስተካክል ልጅ ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ እኛ ዘንድ ይመጣል፣ ደንበኛም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። «ኳርተርባክ ይባላል። ጨዋታው እንዳለ በሱ እጅ ነው። ፊቱ ያሉት ግድግዳ ያካክላሉ፤ በነሱ አናት ላይ አሻግሮ ነው ሰው ፈልጎ የሚወረውረው። ለዚህ ቦታ መለሎ ነው የሚፈለገው።»

«ይኼኛውስ መለሎ ነው እንዴ?»

«እሱማ ድንክ ነው! ማለቴ ለነሱ ነው እንጂ እኔን ያክላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ‘በዚህ ቁመትህ አይሆንም’ ሲባል ነው የኖረው።»

«እውነታቸውን ነዋ፣ አጭር ሰው እዚያ መሃል ገብቶ ምን ያያል?» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው፣ አምባሻውን ሻይ ውስጥ እየነከረ።

ስባሪዬን አንስቼ ወይራዬን መፋቅ ቀጠልኩ። ለዚያ ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት ቴሌቪዥን የሚባል ነገር መኖሩን እንኳን ሳልሰማ፣ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ አንድ መስክ፣ እጄ ላይ ልክ እንደዚች ያለች የወይራ ዱላ ይዤ ነው። ለመልሱ የተከፈለኝም ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

መንደራችን ከገደሉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጉም ከታች ከቆላው ተነስቶ ሽቅብ ይመጣል፤ መጀመሪያ የአጥሩን እንጨት ይውጣል፣ ቀጥሎ በሬዎቹን፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑን፤ እናታችን በር ላይ ቆማ ስማችንን እየለየች ስትጣራ ድምጿ ይሰማናል እንጂ እሷ አትታየንም ነበር። ታኅሣሥ ላይ ገብሱ ታጭዶ ገለባው እርጥብ እርጥብ እየሸተተ፣ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ከእግራችን ሥር እንደ ቆሎ ሲንኮሻኮሽ፣ ፀሐይ ደግሞ ልክ እንደ እንግዳ አርፍዳ መጥታ ቶሎ ስትሄድ፣ ያ ብርድ እስካሁን ቆዳዬ ላይ አለ።

በልጅነቴ አጭር ነበርኩ። አሁንም አጭር ነኝ፤ ልዩነቱ አሁን ማንም አይለካኝም። የመንደሩ ልጆች ያወጡልኝ ስም ሽብልቅ ነበር፤ ግንድ ሲፈለጥ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ በመጥረቢያ ጀርባ የሚመታው አጭርና ወፍራም እንጨት ማለት ነው። እናቴ የሰጠችኝን ስም የሚያስታውሱት ቄሱና እሷ ብቻ ነበሩ። ጎረቤታችን ሽፈራው ደግሞ በተቃራኒው ነበር፤ እንደ ቄጠማ ተመዝዞ የሚያድግ፣ ሱሪው ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቱ ሸሽቶ ጉልበቱ አካባቢ የሚገኝ ልጅ። እናቴ ከሽፈራው በሁለት ወር እንደምበልጥ ትምል ነበር። ሰው ግን ሁለታችንን ጎን ለጎን ሲያይ የእናቴን መሐላ አይቀበልም።

መሐላ ደግሞ ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር መንደራችን ውስጥ አልነበረም። አንድ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በእጁና በጆሮው ነው። መስከረም ላይ መምህሩ ልጆቹን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያሰልፍና ቀኝ እጅህን አንሳ ይላል፤ በአናትህ ላይ አዙረው ይላል፤ ራስህን ሳታዘምም የግራ ጆሮህን ንካ ይላል። የነካ ደርሷል፣ ይገባል። ያልነካ አልደረሰም፣ ወደ ቤቱ። ይኸው ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ረጅም እንደነበር አልጠራጠርም።

የእኔ እጅ አጭር ነበር፤ ጭንቅላቴ ደግሞ ትልቅ። እናቴ «አእምሮ ስለበዛበት ነው» ትል ነበር፤ ያ የበዛው አእምሮ ነው እንግዲህ እጄን ከጆሮዬ ያራራቀው። በመጀመሪያው መስከረም ሽፈራው እንደ ቀልድ ጆሮውን ነካ፣ እንዲያውም አልፎ ጉንጩን አከከና ገባ። እኔ አንድ ጣት ቀረኝ። በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ያው አንድ ጣት። እጄ በዓመት ያደገችውን ያህል ጭንቅላቴም አድጓል መሰለኝ። ያላደረግኩት ነገር አልነበረም፤ ከጓሯችን ግራር ላይ በአንድ እጄ ስንጠለጠል እውል ነበር፣ እናቴ ማታ ማታ ክንዴን በቅቤ ታሽልኝ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሰው ሳያየኝ የግራ ጆሮዬን ወደ ላይ እጎትት ነበር፣ እጄ መድረስ ካቃታት ጆሮው ይምጣ ብዬ። ውጤቱ ዛሬም መስታወት ፊት ስቆም ይታያል፤ የግራ ጆሮዬ ከቀኙ ትንሽ ይሰፋል።

የሚያቃጥለኝ ግን የሽፈራው ከትምህርት ቤት መመለስ ነበር። ጣቶቹ የጠመኔ ሽታ ይዘው ይመጣሉ። ደረቅ፣ አመድ አመድ የሚል፣ ቤታችን ውስጥ ካለው ሽታ ከአንዱም ጋር የማይገናኝ ሽታ ነው። «እስቲ አሸተኝ» እለዋለሁ፤ እጁን ይዘረጋልኛል። ደግ ልጅ ነበር፣ አይስቅብኝም። እኔም ልክ እንደ ውሻ የሰው ጣት አሸት ነበር።

እንግዲህ ወደ ገና ልምጣ።

በእኛ አገር የገና ጨዋታ ማለት ሜዳ ሙሉ ወንድ ጫፉ የተቆለመመ የወይራ ዱላ ይዞ፣ ሩር የምትባል ጡጫ የምታህል ኳስ እየመታ ወደ ተጋጣሚው ዳር ለማሳለፍ የሚተራመስበት ነው። ላይ መንደርና ታች መንደር ነን፤ እኛ ታች ነን። የታች መንደር አለቃ ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከገደሉ ማዶ የሚሰማ፣ የፊት ጥርሳቸውን በሩር ያጡ፣ ማጣታቸውንም እንደ ሹመት የሚቆጥሩ ሰው። ከተጫዋቾቹ ሁሉ ደግሞ አንዱ ከኋላ ይቆማል፤ በእኛ መንደር ላኪ ነበር የምንለው። ፊት ያሉት ግብዳ ግብዳዎቹ ሲላተሙ ሩሯ ወደ ኋላ ወደ እሱ ትመለሳለች፤ እሱ በሰዎቹ አናት ላይ አሻግሮ ያይና ባዶ ቦታ ላይ ለቆመ ጓደኛው በአንድ ምት ይልክለታል። ስለዚህ ላኪ ረጅም ነው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ረጅም ነው። በዚያ ዓመት፣ ገና ልጅ እግር ቢሆንም፣ ላኪ የነበረው ሽፈራው ነው፤ ዱላ አመታቱ ደካማ ነበር፣ ቢሆንም ማንም ስለ አመታቱ አልጠየቀም።

የገና ሌላው ጉዳይ ምላስ ነው። በዚያ ዕለት ማንም ለማንም የፈለገውን በግጥም ይላል፣ በማግስቱ የሚቀየም የለም። ድሃው ባለጠጋውን፣ ምንዝሩ አለቃውን። የእኔ አባት፣ ከዓመት ዓመት ጭቃ ሹሙ ፊት ነጠላውን አጣፍቶ እጅ የሚነሳው አባቴ፣ በዚያን ቀን ከሜዳው ዳር ቆሞ «የእኛ ጭቃ ሹም ሆዱ ጎተራ፣ ግብር ሲሰበስብ ዓይኑ የሚያበራ» ብሎ ሲያወርድ፣ ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አይቻለሁ። በማግስቱ አባቴ እንደገና ነጠላውን አጣፋ፤ ጭቃ ሹሙም እንደገና ኮሩ። በመሃል የሆነው ነገር አልሆነም ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ጨዋታው ሲጀመር ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ላይ መንደሮች ቀደሙን። ሽፈራው ከኋላ ቆሞ ሩሯን በአናት ላይ ሲያነሳ፣ እነሱ ደግሞ መለሎዎቻቸውን ከፊት ደርድረው ዱላቸውን እንደ አጥር እያነሱ ይመልሱበታል። ሁለተኛም አሳለፉብን። የላይ መንደር ሴቶች እልል ብለው አንዷ አወረደችብን፤

ቁመት ብቻ ነው የላኪያችሁ፣
ሩሯ በእግሩ ሥር ስታልፍ አያችሁ?

ከዚያ ጉም መጣ። እንደ ልማዱ ከቆላው ሽቅብ እየተንከባለለ መጥቶ ሜዳውን ሞላው፤ ከጥቂት እርምጃ በላይ ያለ ሰው ጥላ ሆነ። ሽፈራው አንገቱን እንደ ሰጎን ቢያሰግግም የሚያየው ነጭ ብቻ ነው። ጉም መጣ ተብሎ የሚቋረጥ ጨዋታ ደግሞ የለም።

«አንተ ሽፈራው፣ ማነው የምትልክለት? ለመላእክት ነው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ፣ አይታየኝም እኮ!»

«ወደ ፊት ሂድ በቃ፣ ሩጥ! ማን አለ? ማን ቀረ?» ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ፤ የወደቀ ዱላ ለማቀበል ዳር ላይ ቆሜያለሁ። ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። «ሽብልቅ! ና ግባ፣ ኋላ ቁም። ከዚህ የባሰ አይመጣም።»

የሳቀው ሰው ብዛት! በጉሙ ውስጥ ሳቁ ብቻ ነው የሚሰማው፤ የማን እንደሆነ አይለይም። ዱላዬን ይዤ ኋላ ቆምኩ። አናታቸው ላይ ለማየት አልሞከርኩም፤ ምኑን ከምን አድርጌ? ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ስል ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ጉሙ ላይ ላዩን ወፈር ብሎ ከሣሩ አጠገብ ሳሳ ያለ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ እግር ብቻ። የሰው ሁሉ እግር። ሌላው ሰው መንደሩን በፊቱ ያውቃል፤ እኔ ቁመቴ በሚፈቅድልኝ በኩል ስለኖርኩ የመንደሩን ሰው በእግሩ ነው የማውቀው። ያ የተሰነጠቀ ተረከዝ የጋሽ ደምሴ ነው። ያ ወደ ውስጥ የዞረው አውራ ጣት የአባቴ የአጎት ልጅ ነው። እዚያ ማዶ ደግሞ፣ ከሁለት የላይ መንደር ወፋፍራም ባቶች መሃል፣ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ እንደ ቃጫ የደረቁ ሁለት እግሮች ብቻቸውን ቆመዋል። ሽፈራው ነው።

ሩሯ ወደ እኔ ተንከባለለች። ወደ ላይ አላነሳኋትም። በወፋፍራሞቹ ባቶች መሃል፣ በሣሩ ላይ፣ ምድር ለምድር ላክኋት። ዱላዎቻቸውን ወደ ሰማይ አንስተው የሚጠብቁት ሰዎች እንኳን ሊመልሷት መሄዷንም አላወቁም። «ሽፈራው! እግርህ ሥር!» ብዬ ጮህኩ። ነጩ ውስጥ ሩጫ ተሰማ፣ ከዚያ የሽፈራው ጩኸት፣ ከዚያ የታች መንደር ጩኸት። ገባች።

ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ እንደዚያው ሆነ። እኔ በመሃላቸው አያለሁ፣ እልካለሁ፤ ረጅሙ ሽፈራው ይሮጣል፣ ያስገባል። ጨዋታው ሲያልቅ አሸንፈን ነበር። ጋሽ ደምሴ በአንድ እጃቸው አንስተው ትከሻቸው ላይ ሲያስቀምጡኝ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው አናት ከላይ አየሁ። ብዙ ሰው መላጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ያሸነፈ ቡድን በየትልልቁ ሰው ደጅ እየዞረ ይጨፍራል፤ ጠላ ይቀዳለታል፣ ሙልሙል ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ መምህሩ የተከራየበት ቤት ደጃፍ ደረስን። መምህሩ ወጣት፣ ፀጉሩን በጎን የሚከፍል፣ ከከተማ የመጣ ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራም። በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ያጨበጭብ ነበር። ከጋሽ ደምሴ ትከሻ ላይ ሆኜ አየሁት፤ እኩል ለእኩል ነን። ደግሞ ገና ነው። በዓመት አንድ ቀን ነው። አፌን ከፍቼ አወረድኩት፤

ሩሯን ያሻገረ ፊደል ያቅተዋል?
ጆሮው ቢርቀውም ዓይኑ ደህና ያያል።

ሕዝቡ ሜዳው ላይ ከሳቀው የበለጠ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ፣ እጁን ዘረጋና የዚያችን መከረኛ ጆሮዬን ጫፍ ያዝ አድርጎ «በል እሺ አሸነፍከኝ! በዓሉ ሲያልፍ ና፣ እመዘግብሃለሁ፤ ጆሮህን አልጠይቅህም» አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። አባቴም ሰማ። ጣቶቹ ጠመኔ ጠመኔ ይሸቱ ነበር።

በዓሉ እስኪያልፍ እንዴት እንደቆየሁ አላውቅም። እናቴ ከአሮጌ ነጠላ መያዣ ሰፋችልኝ፤ ምን እንደሚያዝበት ግን ሁለታችንም አናውቅም ነበርና ባዶውን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። አባቴ ጋቢውን አጥቦ፣ ገና ሳይደርቅ ለብሶ፣ እጄን ይዞኝ ሄደ። መንገዱ ዳገት ነው፤ አባቴ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ብዙ አውርቶ አያውቅም። ደብዳቤ እንደማነብለት፣ ፍርድ ቤት ሲሄድ ለጸሐፊ እንደማይለምን፣ ጭቃ ሹሙ ወረቀት ሲያሳየው እኔን ከጎኑ እንደሚያቆም ነገረኝ።

መምህሩ ከሌላ መምህር ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። አየኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ሳይጠፋ «እስቲ እጅህን አንሳ» አለኝ።

«መምህር፣ ጆሮህን አልጠይቅህም ብለውኛል እኮ።»

«የት ነው ያልኩህ?»

«የገና ለታ።»

ሁለቱ መምህራን ተያይተው ሳቁ። በክፋት አልነበረም። «ልጄ፣ የገና ለታ የተባለን ነገር አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው አለ? ያ እኮ ጨዋታ ነው። ሕጉ ሕግ ነው፤ እስቲ አንሳ፣ ምናልባት ደርሰህ ይሆናል።»

አነሳሁ። አዞርኩ። አንድ ጣት ቀረኝ።

ወደ አባቴ ዞርኩ። የሆነ ነገር ይላል ብዬ ነበር። አባቴ አፉን ከፈተ፣ የእርጥብ ጋቢውን ጫፍ ሰበሰበ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለመሬቱ «እውነታቸውን ነው» አለ። «እኔም ጭቃ ሹሙን ስንት ነገር አልኳቸው፤ ማን ያዘብኝ?»

ይኸው ነው። ስንት ዓመት አሰብኩበት። መምህሩ ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው መጥላት ቀላል ነው። አባቴ ዝም ቢል ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን አባቴን ከጭቃ ሹሙ ቂም ያዳነች ያቺ አንዲት ቀን፣ እኔን ከትምህርት ቤቱ ደጅ የመለሰችኝም እሷው ናት። ምላስህን የሚፈታ ቀን የሌላውንም ምላስ ይፈታል፤ ይኼንን ያወቀ ሰው ገና ለታ ይስቃል እንጂ ቃል አይቀበልም። ከመላው መንደር ቃሉን እንደ ቃል የወሰድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መያዣዋን እናቴ ፈትታ ለጨው ማስቀመጫ አደረገቻት።

ለቀጣዩ መስከረም አልደረስንም። ክረምቱ ላይ አባቴ ታመመ፤ ተነስቶ እርፍ መጨበጥ አልቻለም፤ እርፉን እኔ ጨበጥኩ። እርፍ ጆሮ አይጠይቅም። ከዚያ አባቴ ሞተ፤ ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ከዚያ ድንጋይ ለመጥረብ ወደ ደብረ ብርሃን መጣሁ፤ ድንጋይም ጆሮ አይጠይቅም። አንድ ቀን ድንጋይ የምንፈነቅልበት ካባ ውስጥ ሆኜ ፀጉሬ ላይ የተጋገረውን አቧራ በቀኝ እጄ ልጠርግ አናቴ ላይ አዞርኩት። ጣቴ ጆሮዬን ነካ። ነካ ብቻ አይደለም፣ ያዘው። መዶሻዬን አስቀምጬ ቆምኩ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ድንጋይ እንጂ ሰው አልነበረም። ማንን ጠርቼ ደርሻለሁ ልበል? ሽፈራው ያኔ ከመንደሩ ወጥቶ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር፤ አልፎ አልፎ መጥቶ ያየኛል፤ ጣቱ ከጠመኔ ወደ ቀለም ተዛውሮ ነበር። መዶሻዬን አነሳሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ ከሥራ መልስ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ በሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ፣ ልጄ የምትሆን ልጅ፣ «የሚመዘገብ ይምጣ» ስትል ተነስቼ ፊቷ ቆምኩ፤ እጄም ማንም ሳያዘው ተነስቶ አናቴ ላይ ዞሮ ጆሮዬን ያዘ። ልጅቱ ብዕሯን አቁማ አየችኝና «አባባ፣ ራስዎን አመመዎት?» አለችኝ። «አዎ፣ ትንሽ» አልኳት። ምን ልበላት? የዛሬ ልጆች ወረቀት አላቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ካሉት ልጆች ደግሞ የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ አንዳንዴ በአጠገባቸው ሳልፍ እጃቸውን አያለሁ። ማንም እንዲያነሱት ባይጠይቃቸው ብዬ አስባለሁ።

ሽፈራው አምና ሞተ። ቢሮ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጥቶ ነበር። አናጺው የሬሳ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ነው የሠራው፤ መጀመሪያ የሠራው አጠረ። ቀብሩ ላይ ይኼንን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ሰው ለቅሶ ያሸነፈኝ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ። ምድር ለምድር የላክሁለትን የሚያስታውስ ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ሳስብ ዱላዬን መፋቅ አላቆምኩም። ድንገት እነያሬድ ከመቀመጫቸው ዘለሉ፣ የሻይ ብርጭቆ ወደቀ። ያ አጭሩ ሰውዬ ወርውሯል፤ ሁለት ግንብ የሚያካክሉ ሰዎች እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ቆመዋል፣ ኳሱ ከክንዳቸው ሥር፣ በመሃላቸው፣ ሾልኮ ሄዷል፤ ማዶ ያለው ጓደኛው አቅፎት ይሮጣል።

«እንዴት አየው?» አለ ባለአምባሻው፣ አፉ እንደተከፈተ። «በምኑ አየው?»

«በመሃላቸው ነዋ» አልኩ።

ያሬድ ዞሮ አየኝ። «ጋሼ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የአሜሪካን ኳስ ማወቅ የጀመሩት?» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሒሳቤን ከፍዬ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ።

ያ የገና ጨዋታ መስክ አሁን ባሕር ዛፍ ነው። ባለፈው ዓመት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ቀጥ፣ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ዛፎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል፤ በአናታቸው ላይ ማዶ አይታይም። ጎንበስ ብዬ በግንዶቹ መሃል አየሁ። ከግንዶቹ ወዲያ ሌላ ግንድ ነው፤ ልልክለት የምችል እግር የለም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አስካለ ዱላዋን ከእጄ ተቀብላ አገላበጠቻት። «ሰውዬ፣ ምነው እንዲህ አሳጠርካት? ይቺ አጭር ምን ትሠራለች? ይቺን ተደግፈህ ልትንፏቀቅ ነው?» አለችኝ።

ተቀበልኳትና አጠገቤ መሬት ላይ አቆምኳት። እውነቷን ነው። ከወገቤ በታች ናት፤ ጫፏን ደግሞ መቁረጥ ሲገባኝ ቆልመም እንዳለች ትቻታለሁ። ሻይ ቤት ተቀምጬ እጄ እኔን ሳይጠይቅ የድሮዋን የገና ዱላዬን ልክ ይዞ ሲሠራ ነው የዋለው። ልደገፋት ጎንበስ አልኩ፤ ጉልበቴ እዚያ ድረስ አይወርድም።

በሩ ጀርባ አቆምኳት። ለጉልበቴ ሌላ እንጨት፣ ረጅም፣ አስመጣለሁ። ይቺ ግን ልኬ ናት።